የወንዙ በዓል በሰማይ ሲቈጠር፦ የኩምብ ሜላ ዘመንና ዕለት አወጣጥ

በዛሬው የትምህርት ጊዜያችን የምንመለከተው በሕንድ አገር በአራት ስፍራዎች፣ በተቀደሱ ወንዞች ዳር፣ እየተፈራረቀ የሚከበረውና ኩምብ ሜላ ተብሎ የሚጠራው ታላቅ በዓል ዘመኑና ዕለቱ በምን ዓይነት ሐሳብ እንደሚታወቅ ነው። የበዓሉን ስም ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁት፣ ሕዝቡም በወንዝ ውስጥ ተጨናንቆ ሲጠመቅ የሚያሳየውን ሥዕል አይታችሁት ይሆናል። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ከሂማላያ ዋሻ የወረደው ባሕታዊ፣ ከደቡብ በባቡር ሌሊቱን ሲጓዝ ያደረው ገበሬ፣ የልጅ ልጆቿን አስከትላ የመጣችው አሮጊት፣ በአንዲት ዕለት ከአንድ የውሃ ዳር እንዲገናኝ የቀጠረው ማን ነው ብሎ የጠየቀ ሰው ግን መልሱን የሚያገኘው ቀና ብሎ ሲመለከት ነው፤ ቀጠሮውን የሚሰጡት ጁፒተር፣ ፀሐይና ጨረቃ ናቸውና። በንግግሬ ውስጥ ዓመተ ምሕረት ሳልል የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በዓሉ የሚከበርበት አንደኛው ስፍራ ጋንጅስና ያሙና የተባሉት ሁለት ታላላቅ ወንዞች የሚገናኙበት፣ ሦስተኛይቱና ለዓይን የማትታየው ሳራስዋቲም በስውር እንደምትቀላቀላቸው የሚታመንበት፣ እስከ 2018 ድረስ አላሃባድ ሲባል የነበረው ፕራያግራጅ ነው። ሁለተኛው ጋንጅስ ከተራሮቹ ተላቃ ወደ ሜዳ የምትወጣበት ሀሪድዋር፣ ሦስተኛው የጎዳቫሪ ወንዝ ከሚመነጭበት ከትሪምባክ ጋር እንደ አንድ ስፍራ የሚታየው ናሺክ፣ አራተኛውም በሺፕራ ወንዝ ዳር የተቈረቈረችው ጥንታዊት ከተማ ኡጃይን ናት።

የሂንዱ ሊቃውንት ስለ በዓሉ መነሻ ሲተርኩ እንዲህ ይላሉ። በጥንት ዘመን አማልክትና አሡራ የተባሉት ባላንጣዎቻቸው የማይሞት ሕይወት የሚሰጠውን መጠጥ፣ እኛ ማየ ሕይወት ብንለው የሚስማማውን፣ ለማግኘት ሲሉ ማንዳራ የተባለውን ተራራ መናጫ፣ ቫሱኪ የተባለውን ዘንዶ ገመድ አድርገው ውቅያኖሱን ናጡት። ማየ ሕይወቱ በማሰሮ ሆኖ በወጣ ጊዜ የእኔ ነው በመባባል ጦርነት ተነሣ፤ የኢንድራ ልጅ ጃያንታ ማሰሮውን ይዞ ሲሸሽም የተንጠባጠቡት ጠብታዎች በአራቱ ስፍራዎች ላይ ወደቁ። ውጊያው 12 መለኮታዊ ቀናት ፈጀ፤ የአማልክት አንድ ቀን ለሰው አንድ ዓመት ስለ ሆነ፣ የእነርሱ 12 ቀን የእኛ 12 ዓመት ነው። በሽሽቱም ጊዜ ፀሐይ ማሰሮው እንዳይሰበር፣ ጨረቃ እንዳይፈስ፣ የአማልክት መምህር የሚባለው ብሪሃስፓቲም በጠላት እንዳይነጠቅ ይጠብቁት ነበር ይባላል። ብሪሃስፓቲ ሕንዶች ለጁፒተር የሰጡት ስም ሲሆን፣ ኩምብ የሚለውም ቃል ማሰሮውንም፣ የእኛ መጻሕፍት ደለዊ የሚሉትን የሰማይ ቤትም የሚያመለክት ነው። አድማጭ ይህን ታሪክ እንደ ተረት ሰምቶ እንዳያልፈው እለምናለሁ፤ ማሰሮውን ጠበቁ የተባሉት ሦስቱ ብርሃናት የበዓሉን ዘመን፣ ወርና ዕለት የሚወስኑት ሦስቱ ራሳቸው ናቸውና፣ ትረካውን ያቀናበሩት ሰዎች የሐሳቡን መሠረት ሕዝብ በማይረሳው መልክ እንዳኖሩት እኔ ለራሴ አምናለሁ።

ፀሐይ በዓመት ውስጥ በከዋክብት መካከል የምታልፍበት መንገድ በ12 እኩል ቤቶች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቤት 30 ዲግሪ ነው። ዓውደ ነገሥትን የተመለከተ ሁሉ የቤቶቹን ስም ያውቀዋል፦ ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት። ሕንዶች በራሳቸው ቋንቋ ይጥሯቸው እንጂ ቤቶቹም ተራቸውም እነዚሁ ናቸው፤ ስለዚህ ሕጉን በእኛው ስሞች መናገር እንችላለን። ጁፒተር በደለዊ ሳለ ፀሐይ ሐመል ስትገባ በዓሉ በሀሪድዋር ይሆናል። ጁፒተር በሠውር ሳለ ፀሐይ በጀዲ ስትውል በፕራያግራጅ፣ ጁፒተርና ፀሐይ ሁለቱም በአሰድ ሲገናኙ በናሺክ፣ ጁፒተር በአሰድ ሳለ ፀሐይ በሐመል ስትገኝ በኡጃይን ይከበራል።

የኋለኞቹ ሁለቱ በዓላት ጁፒተር በአሰድ ቤት ሳለ የሚውሉ በመሆናቸው ሲምሀስት የሚል የጋራ ስም አላቸው፤ ተከታትለውም ይመጣሉ። የናሺክ በዓል በ2015 ክረምት ተከብሮ፣ የኡጃይኑ ዓመት ሳይሞላ በ2016 ሚያዝያና ግንቦት ተከተለ። ስለዚህ በዓሉ በየ3 ዓመቱ ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ይዛወራል የሚለው በብዙ ጽሑፍ የሚደጋገም አባባል ልክ አይደለም፤ በ2010 ሀሪድዋር፣ በ2013 ፕራያግራጅ፣ በ2015 ናሺክ፣ በ2016 ኡጃይን፣ በ2021 እንደገና ሀሪድዋር ያከበሯቸውን በዓላት የሚለያያቸው ጊዜ አንዴ ረዥም፣ አንዴ አጭር ነው።

አሁን ወደ ሐሳቡ ልብ እንግባ። ከሦስቱ ብርሃናት ዘመኑን የሚያመለክተው ጁፒተር ነው፤ በእያንዳንዱ ቤት አንድ ዓመት ያህል እየተቀመጠ ዙሪያውን በ12 ዓመት ያህል ይፈጽማል። ያህል የሚለውን ቃል ደጋግሜ የተናገርሁት ሆን ብዬ ነው፤ የበዓሉ ሐሳብ ጥበብ ያለው በዚህች ቃል ውስጥ ነውና። ሱርያ ሲድሀንታ የተባለው ጥንታዊ የሕንድ የሥነ ፈለክ መጽሐፍ በ4,320,000 ዓመት ውስጥ ጁፒተር 364,220 ጊዜ ይዞራል ብሎ ይቈጥራል፤ አንዱን ቍጥር በሌላው ያካፈለ ሰው አንዱ ዙር 11 ዓመት ከ10 ወር ከጥቂት ቀን መሆኑን ያገኛል። የዛሬው ሥነ ፈለክ የሚሰጠው ቍጥርም 4,332 ቀን ከግማሽ ያህል ነው፤ መነጽር ሳይኖር፣ በዓይን ተመልክተውና ለትውልድ ጽፈው እያስተላለፉ እንዲህ ያለ ቍጥር ላይ የደረሱ ሰዎች ምን ያህል ትዕግሥት እንደ ነበራቸው አድማጭ ይመዝነው።

12 የፀሐይ ዓመት 4,383 ቀን ነው። እንግዲህ ጁፒተር ዙሩን ፈጽሞ ወደ ቀድሞ ቤቱ የሚመለሰው 12 ዓመት ሊሞላ 50 ቀን ያህል ሲቀረው ነው። ይህ 50 ቀን በአንዱ በዓል ላይ ምንም አያናውጥም፤ ጁፒተር በአንድ ቤት ውስጥ ዓመት ያህል ስለሚቀመጥ፣ ፀሐይ ሐመል በምትገባበት ዕለት ትንሽ ቀድሞ ቢገባም ገና እዚያው ቤት ውስጥ ይገኛልና። ነገር ግን 50 ቀን በ50 ቀን ላይ ሲጨመር፣ ከ7 ዙር በኋላ 350 ቀን ሆኖ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ያን ጊዜ 12 ዓመት ቈጥሮ የሚጠብቅ ሰው ጁፒተር ከቤቱ ወጥቶ ሄዶ ያገኘዋል። ስለዚህ 7 በዓላት የሚፈጁት ዘመን 84 ዓመት መሆኑ ይቀርና 83 ዓመት ይሆናል፤ ከእነዚያ 7 ክፍተቶች አንዱም የግድ የ11 ዓመት ይሆናል።

ይህ ነገር በእኛው ዘመን ተፈጽሟል። በሀሪድዋር በዓሉ በ1938፣ በ1950፣ በ1962፣ በ1974፣ በ1986፣ በ1998፣ በ2010 እየተከበረ መጥቶ፣ ቀጣዩ በ2022 ይሆናል ተብሎ ሲጠበቅ በ2021 ተከበረ። ብዙ ሰው ያን ጊዜ ምን ነካቸው ብሎ ተደነቀ፤ የኮሮና ወረርሽኝ ወራትም ስለ ነበር አንድ ዓመት ቢዘገይ ምን ነበረበት ያሉ ነበሩ። ሰማዩ ግን ምርጫ አልሰጠም። በ2013 ዓ.ም. ጁፒተር በመጋቢት መጨረሻ ደለዊ ገባ፤ ፀሐይ ሚያዝያ 6 ቀን ሐመል ስትገባ በቤቱ ተገኘ፤ ሕጉም ተፈጸመ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጁፒተር ሚያዝያ 5 ቀን ከደለዊ ወጥቶ ወደ ሑት ተሻገረ፤ ፀሐይ ሐመል የገባችው በማግሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን ነው። በአንዲት ዕለት ልዩነት ተላለፉ። እኔ ስለ በዓሉ ከማውቀው ሁሉ እንደዚህ ያስገረመኝ የለም፤ ሚሊዮኖች የሚጠብቁት ጉባኤ በአንድ ቀን ምክንያት ዓመቱን ይለውጣል፤ የሚለወጠውም በሰዎች ፈቃድ ሳይሆን አስቀድሞ በታወቀ ሐሳብ ነው። ከ2021 በፊት እንዲህ ያለው የ11 ዓመት ክፍተት በሀሪድዋር የታየው ከ1927 እስከ 1938 ነበር፤ ከ1938 እስከ 2021 ያለውንም ቍጥሩት፤ 83 ዓመት ነው።

በ2025 የፕራያግራጅ በዓል ጊዜ ደግሞ ይህ በዓል በ144 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ነው የሚል ቃል በሰፊው ተነገረ። 12 ጊዜ 12 በእርግጥ 144 ነው፤ ጁፒተር 12 ጊዜ ሲዞር ግን የሚፈጀው 142 ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ስለዚህ ይህ ቍጥር ከሰማይ የተገኘ አይመስለኝም፤ በቍጥር ላይ ቍጥር አባዝቶ የተገኘ ነው። ከ11 ዓመት በኋላ በዓሉን የጠሩት የሀሪድዋር ሊቃውንት ቍጥሩን ትተው ኮከቡን መከተላቸውን ለሚያስብ ሰው የሁለቱ አካሄድ ልዩነት ግልጽ ነው።

ወሩን የምታመለክተው ፀሐይ ናት። በዚህ ላይ ሕንዶች ከምዕራባውያን የሚለዩበት አንድ ዐቢይ ነገር አለ። ምዕራባውያን ሐመልን የሚጀምሩት በመጋቢት ወር ሌሊትና ቀን እኩል ከሚሆኑበት ነጥብ ሲሆን፣ ያ ነጥብ ደግሞ በከዋክብት መካከል እጅግ በዝግታ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ በ72 ዓመት አንድ ዲግሪ ያህል ይሄዳል። ሕንዶች ግን ቤቶቹን የሚለኩት ከቋሚ ከዋክብት ነው። ሁለቱ አቆጣጠሮች በጥንት ዘመን አንድ ነበሩ፤ ዛሬ በ24 ዲግሪ ያህል ተለያይተዋል። ስለዚህ በምዕራባውያን ቍጥር ፀሐይ ጀዲ የምትገባው በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ቀኑ እጅግ በሚያጥርበት ጊዜ ሲሆን፣ በሕንዶች ቍጥር የምትገባው በጥር መጀመሪያ ነው፤ ይህም ዕለት ማካር ሳንክራንቲ ይባላል፤ በፕራያግራጅም ከዋነኞቹ የጥምቀት ዕለታት አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ልብ የሚቀርብ ነገር አለ። ከቋሚ ከዋክብት የሚለካው የሕንዶች ዓመት 365 ቀን ከሩብ ከ9 ደቂቃ ያህል ነው፤ የእኛ ዓመት ደግሞ 365 ቀን ከሩብ ነው። የአውሮፓውያኑ ግን ከዚህ ያጥራል። በዚህ ምክንያት ማካር ሳንክራንቲ በአውሮፓውያን ካሌንደር በ72 ዓመት ያህል አንድ ቀን ሲንሸራተት፣ በእኛ ካሌንደር አንድ ቀን ለመንሸራተት ከ150 ዓመት በላይ ይወስድበታል። በ2024 በአውሮፓውያን ጃንዋሪ 15፣ በ2025 ደግሞ ጃንዋሪ 14 ዋለ፤ በእኛ አቆጣጠር ግን በ2016ም በ2017 ዓ.ም.ም ያው ጥር 6 ቀን፣ የግዝረት ዕለት፣ ነበር። በእርግጥ ይህ የዘመን አቆጣጠር ግጥጥሞሽ እንጂ የሃይማኖት ዝምድና አይደለም፤ እኛ ለጥምቀት ከ5 ቀን በኋላ ወደ ወንዝ የምንወርደው በሌላ ምክንያትና በሌላ እምነት ነው። ሆኖም የሕንድን በዓል ዕለት በልቡ ለመያዝ ለሚፈልግ ሰው የእኛ ካሌንደር ከአውሮፓው ይልቅ ታማኝ አስታዋሽ ነው።

የፀሐይ ነገር በሕንድ ሊቃውንት ዘንድም ክርክር አስነሥቷል። ማካር ሳንክራንቲ ፀሐይ ወደ ሰሜን ፊቷን የምትመልስበት ዕለት ተብሎ ይከበራል፤ በእውነት የምትመልሰው ግን ከዚያ በፊት ከ3 ሳምንት በላይ ቀደም ብላ ነው። ሕንድ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ መንግሥት በ1952 በታላቁ የፊዚክስ ሊቅ በሜግናድ ሳሃ የሚመራ የካሌንደር ማሻሻያ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ኮሚቴው በአገሪቱ የሚሠራባቸውን 30 ያህል የተለያዩ አቆጣጠሮች መርምሮ በ1955 ዘገባውን አቀረበ፤ ከዚያም የተገኘው ብሔራዊ ካሌንደር ከማርች 22 ቀን 1957 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ለመንግሥት ሥራ ወቅትን የሚከተል ዓመት ተሰጠ፤ ለሃይማኖት በዓላት ግን ከዋክብትን የሚከተለው ሐሳብ ተጠብቆ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ለ1956 መጋቢት 23 ዲግሪ ከ15 ደቂቃ ተብሎ ተወሰነ። ካህናቱ ሺህ ዓመት የጠበቁትን ልማድ በአንድ ዐዋጅ ሳያፈርስ፣ ለሁሉም አንድ መለኪያ የሰጠ ውሳኔ ስለ ሆነ ብልህነት አየሁበት።

ዕለቱን የምትወስነው ጨረቃ ናት፤ እዚህ ላይ ባሕረ ሐሳብን የተማረ አድማጭ ያለ ችግር ይከተለኛል። ሕንዶች የጨረቃን ወር ቲቲ በሚባሉ 30 ክፍሎች ይከፍሉታል፤ ጨረቃ ከፀሐይ በ12 ዲግሪ በራቀች ቍጥር አንድ ቲቲ ይፈጸማል። የጨረቃ ፍጥነት አንዳንዴ ስለሚጨምር አንዳንዴም ስለሚቀንስ፣ ቲቲ አንዳንዴ 19 ሰዓት፣ አንዳንዴ 26 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ ሕጉም ፀሐይ ስትወጣ በሥራ ላይ ያለው ቲቲ ለዕለቱ ስሙን ይሰጣል የሚል ነው። ይህን በጥንቃቄ ለመለካት አንዱን ዕለት በ60 ይከፍሉታል፤ ያንኑም እንደገና በ60። የእኛ ሊቃውንት ዕለትን በ60 ኬክሮስ፣ ኬክሮስን በ60 ካልዒት ይከፍሉ የለምን? የእኛ ኬክሮስ 24 ደቂቃ እንደ ሆነ ሁሉ የእነርሱም ጋቲ 24 ደቂቃ ነው። ፓንቻንግ የሚባለው የሕንዶች የዘመን መጽሐፍ ቲቲውን፣ የሳምንቱን ዕለት፣ ጨረቃ ከ27ቱ ማደሪያዎቿ በየትኛው እንዳለች፣ ሌሎችም ሁለት ነገሮች ለየዕለቱ ይዘረዝራል፤ አንዳንዱ ፓንቻንግ በጥንቱ የሲድሀንታ ቍጥር፣ አንዳንዱ በዛሬው የሥነ ፈለክ ቍጥር ስለሚሠራ በሰዓታት ይለያያሉ፤ ክርክርም ከዚህ ይነሣል።

በፕራያግራጅ ከሁሉ የሚበልጠው ዕለት ጨረቃ ሙሉ በሙሉ የምትሰወርበት፣ ማውኒ አማቫስያ የሚባለው፣ የዝምታ ዕለት ነው። በዚህ ዕለት ፀሐይና ጨረቃ በጀዲ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ፤ ጁፒተርም በሠውር አለ፤ እንግዲህ ማሰሮውን የጠበቁት ሦስቱም በየስፍራቸው ቆሙ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. ይህ ዕለት ጥር 21 ቀን ነበር። በዓሉ ከጥር 5 እስከ የካቲት 19 ቀን፣ ከአንዱ ምሉእ ጨረቃ አንሥቶ እስከ ማሃ ሺቫራትሪ በዓል ድረስ ቢዘልቅም፣ ሕዝቡ በብዛት የመጣው ለዚያች ዕለት ነው።

ስለዚህች ዕለት ስናገር አንድ የሚያሳዝን ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በፌብሩዋሪ 3 ቀን 1954፣ ከነጻነት በኋላ በተደረገው የመጀመሪያው የፕራያግራጅ ኩምብ፣ በዚህችው የዝምታ ዕለት በተነሣ መረጋገጥ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ሞቱ። በ2025ም በዚሁ ዕለት ሌሊት ሕዝቡ ከንጋት በፊት ውሃው ዳር ለመድረስ ሲጋፋ ሌላ መረጋገጥ ሆነ፤ መንግሥት 30 ሰዎች መሞታቸውን አስታወቀ። እነዚህን ነፍሳት ሳስብ ልቤ ያዝናል፤ ሞታቸውም ከሐሳቡ ጋር የተያያዘ መሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ ሐሳቡ ሚሊዮኖችን ወደ አንዲት ዕለት ይጠራልና። ነገር ግን ሐሳቡ ራሱ ሰዎች ከሚያስቡት ይልቅ ሰፊ ነው። የአማቫስያ ቲቲ የአንዲት ቅጽበት ነገር አይደለም፤ በ2017 ዓ.ም. ከጥር 20 ምሽት እስከ ጥር 21 ምሽት፣ ከ22 ሰዓት በላይ ዘልቋል። ከንጋት በፊት ያለው ጊዜ የተመረጠ ነው የሚለው ልማድ ቢኖርም፣ ቀኑን ሙሉ የሚጠመቅ ሰው በዚያው ቲቲ ውስጥ ነው። ይህንን ፓንቻንግ አንባቢዎቹ ለሕዝቡ በሰፊው ቢያስተምሩት ከብዙ አጥርና ከብዙ ፖሊስ ይበልጥ በጠቀመ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሐሳብ መቼ ተጀመረ ለሚል ሰው ታሪክ የሚሰጠው መልስ እንደ ትረካው ቀላል አይደለም። በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቻይናው መነኵሴ ሥዋንዛንግ ንጉሥ ሀርሻ በየ5 ዓመቱ በፕራያግ ታላቅ ጉባኤ አድርጎ ሀብቱን ይመጸውት እንደ ነበር ጽፏል፤ 5 ዓመት ግን የጁፒተር ቍጥር አይደለም። በ1695 የተጻፈው ኹላሳት ኡት ተዋሪኽ የተባለው የፋርስኛ ታሪክ ደግሞ ጁፒተር ደለዊ በሚገባበት በየ12 ዓመቱ በሀሪድዋር ስለሚደረገው ጉባኤ ይናገራል። ከማሰሮው ጋር ስም የሚጋራው ደለዊ የሚገኘው በሀሪድዋር ሕግ ብቻ መሆኑን ሳስተውል፣ ስሙ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሌሎቹ ስፍራዎች እንደ ተዳረሰ የሚናገሩት ተመራማሪዎች ያሳምኑኛል።

የኡጃይንም ነገር ሊታለፍ አይገባውም። ይህች ከተማ የበዓሉ ማክበሪያ ብቻ ሳትሆን ሐሳቡ ራሱ የተወለደባት ያህል ናት፤ የጥንት የሕንድ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት፣ ዛሬ ዓለም ከግሪኒች እንደሚቈጥረው፣ ኬንትሮስን ሁሉ የሚቈጥሩት በኡጃይን ላይ ከሚያልፈው መሥመር ነበር። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቫራሃሚሂራ በዚህች አገር ጽፏል፤ በዐሥራ ስምንተኛውም መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ጃይ ሲንግ ከሠራቸው አምስት የከዋክብት መመልከቻዎች አንዱን በዚያ አቁሟል።

ጁፒተር በደለዊ መገኘቱ የጋንጅስን ውሃ ማየ ሕይወት ያደርገዋል ወይስ አያደርገውም የሚለው የእምነት ጉዳይ ነው፤ ጁፒተር ደለዊ መቼ እንደሚገባ ግን እምነት ያለውም የሌለውም እኩል ሊመረምረው የሚችል ነገር ነው። ሁለቱን ለይቶ የሚያይ ሰው ሁለቱንም ያከብራል። በዓሉን በከዋክብት የሚያውቅ ሕዝብ ሕንድ ብቻ አለመሆኑን ደግሞ በአገራችን የሲዳማ ፍቼ ጨምበላላ ይመሰክራል፤ የዚያን በዓል ዕለት ከዋክብትንና ጨረቃን ተመልክተው የሚናገሩት አያንቶዎች የሚባሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ዩኔስኮ ፍቼ ጨምበላላን በ2015፣ ኩምብ ሜላን በ2017፣ ጥምቀታችንን በ2019 በአንድ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሯቸዋል።

የሚቀጥሉት በዓላት ጁፒተር በአሰድ ሳለ የሚከበሩት ሁለቱ ናቸው፤ የእነርሱም ሐሳብ ከእስካሁኑ ሁሉ ይበልጥ ያከራክራል። ምድራችን በየዓመቱ ጁፒተርን ስትቀድመው ኮከቡ ለ4 ወር ያህል ወደ ኋላ የሚመለስ መስሎ ይታያል። በ2019 ዓ.ም. ጥቅምት 21 ቀን አሰድ ገብቶ፣ ወዲያው በዚያው ዓመት ጥር ወደ ሸርጣን ይመለሳል፤ በሰኔ እንደገና አሰድ ይገባል። የናሺክ ታላላቅ ጥምቀቶች ጁፒተር ወደ አሰድ ከተመለሰ በኋላ የሚውሉት ስለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ጁፒተር ወደ ሰንቡላ ይሻገራል፤ የኡጃይን በዓል ያመለጠ ሲመስል፣ በ2028 መጀመሪያ ወደ ኋላ ተመልሶ በአሰድ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ ሚያዝያ ላይ ፀሐይ ሐመል ስትገባም እዚያው ይገኛል።

የጁፒተርን ጉዞ በዓይኑ ለማየት የሚፈልግ አድማጭ ሕንድ መሄድ አያሻውም። በናሺክ ጥምቀት ሰሞን ጁፒተርና ፀሐይ በአንድ ቤት ስለሚሆኑ ኮከቡ በፀሐይ ብርሃን ተሸፍኖ ከየትም አገር አይታይም፤ ተጠማቂዎቹ የሚያከብሩት በሐሳብ ብቻ የሚታወቅ ኮከብ ነው። በሀሪድዋር ጊዜ ጁፒተር ከንጋት በፊት በምሥራቅ ይወጣል። በፕራያግራጅ ጊዜ ከምሽት ጀምሮ እኩለ ሌሊት እስኪያልፍ ድረስ ይበራል። በኡጃይን ጊዜ፣ በ2020 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ፀሐይ ገብታ ሲጨልም ከጎንደርም ከአዲስ አበባም ሆኖ ወደ ላይ ለሚመለከት ሰው፣ ደምቆ በአሰድ ቤት ውስጥ ይታያል።